ከሦስተኛው መንደር በላይ ያለው መገንጠያ

ጥቅምት 6

ዛሬ የአስጎብኚነት ባጄን ተቀበሉኝ። «ለጊዜው ነው» አሉ። ለጊዜው የተባለ ነገር ስንት ዓመት እንደሚቆይ የማያውቅ ካለ እኔን ይጠይቀኝ።

ባለድርጅቱን ከኋላው «ፈገግታው» ነው የምንለው፤ ሰው ሲያባርር እንኳ ጥርሱ አይከደንም። ወረቀቷን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገልኝና፣ አይዞሽ፣ የአስጎብኚዎች ማኅበር አጣርቶ ኅዳር 18 ይወስናል አለኝ። ወረቀቷ ላይ ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ መሪዋ ለጠቋሚዋ ተገቢውን መመሪያ አልሰጠችም። ውሸት ነው። ሰጥቻለሁ።

ነገሩን በትኩሱ ልጻፈው። ኋላ ሲጠይቁኝ በንዴት እንዳልቀባጥር።

ሥራችን እንግዳ በብስክሌት ይዘን ተራራ ለተራራ መዞር ነው። መኪና የማይበዛበት መንገድ፣ ሸለቆ፣ ወንዝ፣ ሦስት መንደር። መንገዱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። የካርታ ሥራ ተምሬ ስመረቅ ቢሮ ተቀምጬ የሰው ካርታ ከማቅለም ብዬ ወጣሁ። ሁለት በጋ ብቻዬን እየነዳሁ የትኛው ዳገት ጉልበት እንደሚበላ፣ የትኛው ቁልቁለት ጠዋት ጠዋት እንደሚያንሸራትት፣ የየትኛው ግቢ ውሻ ከልቡ እንደሚያሳድድ አጠናሁ። ፈገግታው «ዝምተኛው መንገድ» ብሎ ስም አወጣለትና የራሱ አደረገው። ይሁን፤ እሱን ትቼዋለሁ። መምራቱን እስካልነካብኝ ድረስ ትቼው ነበር።

እኔ ከፊት እመራለሁ፤ ወንድሜ ከኋላ ይመጣል። የኋላውን ሰው «ጭራ» እንለዋለን። ጭራው ቢጫ ሰደርያ ይለብሳል፤ ማንንም አይቀድምም። መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ከእኔ ቀጥሎ ያለውን እንግዳ ጠቋሚ አድርጌ አቆማለሁ። ለሚያልፈው ሁሉ አቅጣጫውን በእጁ ያሳያል፤ ከላይ መታጠፊያው ላይ ቢጫ ብቅ ሲል ከፊቱ ቀድሞ ይወርዳል። ቢጫው ከመጣ ከኋላው ማንም የለም ማለት ነው። ይኸው ነው። ሕፃን ይገባዋል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሦስተኛው መንደር በላይ ባለው መገንጠያ ከእንግዶቹ አንዷን፣ የጥርስ ሐኪሟን፣ አቆምኳት። ቀኙ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ የእኛ ነው። ግራው መግቢያው ላይ ሰፊ አስፋልት ስለሆነ ዓይን ይስባል፤ ሁለት መታጠፊያ አልፎ ግን ጠጠር ይሆንና ወደ ተዘጋ የድንጋይ ማውጫ ይዘቀዘቃል። «ቢጫውን እስኪያዩ ከዚህ ንቅንቅ እንዳይሉ» አልኳት። «እሺ አለቃዬ» ብላ እንደ ወታደር እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

ታች፣ ሁላችንም የምንገናኝበት ድልድይ ጋ ሙቀት ነው። ሁሉም የደረበውን እያወለቀ ቦርሳው ውስጥ ይከታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይሳሳቃል። ስቆጥር አንድ ሰው ጎደለ። ወንድሜ መጨረሻ ደረሰ፤ ብቻውን። የጎደሉት ጡረተኛው መምህር ነበሩ፤ ወፍ ባዩ ቁጥር የሚቆሙት። ግራውን ይዘው ሄደው ጠጠሩ ላይ ወድቀው ኖሯል። የማውጫው ዘበኛ ያገኛቸው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ዳሌያቸው ተሰብሯል።

ኅዳር 18 ጥፋተኛ ከተባልኩ ባጁ ላይመለስ ሄደ። ማኅበሩ የሰረዘውን ማንም አይቀጥርም። በዚህ ተራራ ላይ አለቀልኝ ማለት ነው።

ጥቅምት 7

የሐኪሟ ስልክ ይጠራል፤ አይነሳም። መልእክት ላክሁ። አንብባዋለች። 

ምን እንዳልኳት የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። የቀሩት እንግዶች ቆማ አይተዋታል፤ ለምን እንደተነሳች ግን አያውቁም።

ጥቅምት 9

ጋሼ ለማኅበሩ ቃሉን ሰጠ። ወንድሜ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው። ኮርቻዬን ከኋላ ይዞ እየሮጠ ብስክሌት ያስለመደኝ እሱ ነው። ቃሉ አጭር ነው። የመምህሩ ጎማ ተንፍሶ ነበር፣ ጠገንኩላቸው፣ ዕቃዬን እስክሰበስብ እርስዎ ቀስ እያሉ ይውረዱ አልኳቸው፣ መገንጠያው ስደርስ ማንም አልነበረም።

እራት ላይ ሳልጠይቀው፣ «ያየሁትን ነው የተናገርኩት» አለ።

እውነቱን ነው። ካልነበረ አልነበረም። ጥፋቱ የሐኪሟ እንጂ የእሱ አይደለም። ምግቡን ግን ነካክቶ ተወው። እማዬ ምነው እንኳ አላለችውም። እማዬ ደግሞ ሰው ሲበላ አፍ አፉን የምታይ ሴት ናት።

ጥቅምት 12

ባጄን እንጂ እግሬን አልተቀበሉኝም። ገና ሳይነጋ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ዳገት ላይ ሳንባዬ ተቃጠለ፤ ደስ አለኝ። ከወፍጮው መንደር በላይ መንገዱ ኮረብታውን እየዞረ ሲወጣ ሸለቆው በግራ በኩል ይከፈታል፤ ጉሙ ታች ተኝቶ የዛፎቹ ጫፍ ብቻ ይታያል። የሚሰማው የብስክሌቴ ካቴና ብቻ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ከአንዱ ግቢ ባልዲ ሲቀመጥ። ሁለተኛው መንደር ቤቶቹ እንደ ደረጃ ተደራርበው የተሠሩ ናቸው፤ የአንዱ ደጅ የሌላው ጣራ ትክክል ነው። አንዲት ሴት አንሶላ እያሰጣች ነበር። ሌላ ጊዜ እጇን ታነሳልኝ ነበር። ዛሬ ከአንሶላው ጀርባ ገባች።

ሦስተኛው መንደር ቧንቧው ጋ ቆሜ ጠርሙሴን ስሞላ ሁለት ሴቶች ከበስተኋላዬ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ አወሩ።

«ያቺ ናት?»

«አዎ። ሽማግሌውን ገደል ሰድዳ ይኸው አሁንም ትሽከረከራለች።»

ዞር ብዬ ደህና አደራችሁ አልኳቸው። ደህና አደርሽ አሉኝ። ሌላ ምን ይላሉ።

መገንጠያው ላይ ወርጄ ሐኪሟ በቆመችበት ቆምኩ። ከዚያ ወደ ላይ ስታይ መታጠፊያው ሩቅ ነው። ሰው ብቅ ቢል ፊቱ አይለይም፤ ቀለሙ ብቻ ነው የሚታየው። ንፋሱ ደግሞ አጥንት ይገባል። እዚያ ማቆም ሰውን መቅጣት ነው። ብቻ ሌላ ቦታ የለም።

ጥቅምት 15

ጋሼን መሪ አደረጉት። በእኔ መንገድ ላይ። ፈገግታው ነው የነገረኝ፣ በስልክ፣ እየሳቀ፦ «ከቤታችሁ አልወጣም እኮ!»

ጋሼ ግን እቤት ውሎ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ጥቅምት 19

አየኋቸው። ወፍጮው ጋ ተቀምጬ ጎማዬን እየነፋሁ ነበር፤ ከታች ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ የራስ ቁራቸው ብልጭ ብልጭ እያለ በዛፉ መሃል ወጡ። ጋሼ ከፊት። ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ እጁን ወደ ታች ዘርግቶ አመለከተ፤ የኋላው ለኋላው እያስተላለፈ ምልክቱ እስከ መጨረሻው ሰው ሄደ። ጉድጓዱን ያሳየሁት እኔ ነኝ። የዛሬ ዓመት፣ ዝናብ ላይ።

አላየኝም። ወይም መንገዱን እያየ ነበር። መሪ መንገዱን ነው የሚያየው።

ጭራ ሆኖ የሚመጣው አዲስ ሰው ነው። ሰደርያውም አዲስ፣ እጥፋቱ ገና ያልለቀቀ። የድሮውስ የት ገባ? ብዬ ነበር ለራሴ። ከዚያ ምን አገባኝ ብዬ ፓምፔን አነሳሁ።

 

ጥቅምት 23

አነሳች።

ከሌላ ስልክ ነው የደወልኩት፤ አላፈርኩበትም። ሐኪሟ ድምፄን ስታውቅ፣ ባሏ ከዚህ ነገር ራቂ፣ ፍርድ ቤት ትመላለሻለሽ እንዳላት ነገረችኝ። ፍርድ ቤት የለም፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት አልኳት። ለምን ተነሱ?

«ቢጫው መጣና ነዋ» አለች። «ቢጫውን ሲያዩ ይውረዱ አላልሽኝም?»

«ወንድሜ ሲደርስ እርስዎ አልነበሩም።»

«እኔ ወንድምሽን አላውቅም። መታጠፊያው ላይ ቢጫ አየሁ፤ በርዶኝ ሞቼ ነበር፤ ከፊቱ ወረድኩ። እንዳልሽኝ አደረግሁ። አንቺ ሰው ይጠብቁ አላልሽኝም፤ ቀለም ይጠብቁ ነው ያልሽኝ።»

ዘጋሁት። ውሸታም ናት። በርዷት ትታ ሄዳ፣ አሁን ከራሷ ለማውረድ ቢጫ አየሁ ትላለች። ተምሬያለሁ የሚል ሰው ሲዋሽ እንዲህ ነው፤ ቃልሽን ራሱን አንስቶ ይመታሻል።

(ማታ) እንቅልፍ እምቢ አለ። እሷ እውነቷን ከሆነ ከመምህሩ በፊት ቢጫ የለበሰ ሰው አልፏል ማለት ነው። ቢጫ ያለው አንድ ሰው ነው። እሱ ደግሞ ከመምህሩ ኋላ ነበር፤ ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ ወይ እሷ ትዋሻለች፣ ወይ

አይሆንም። እሷ ናት።

ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጋሼ ምን ለብሶ ነበር? አላስታውስም። ሰው ጎድሎብኝ የሰው ልብስ አላይም።

ጥቅምት 24

ከውጭ ስገባ እማዬና ጋሼ ጓዳ ነበሩ። የእማዬ ድምፅ፦

«እሷ ተምራለች። ነገ ሌላ ቦታ ትገባለች። አንተ ከዚህ ሥራ ሌላ ምን አለህ?»

ጋሼ ያለውን አልሰማሁም። በሩን በኃይል ዘጋሁት፣ መግባቴን እንዲያውቁ። ስገባ እማዬ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል። የሽንኩርት ነው።

ተምራለች። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ቃል እንደ ምርቃት ነበር የምሰማው።

ጥቅምት 29

ሆስፒታል ሄድኩ። ሦስት ጊዜ ከበሩ ተመልሻለሁ፤ ዛሬ ገባሁ።

መምህሩ መስኮት አጠገብ ተኝተዋል። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ወንበር ሳቢ አሉኝና ከመውደቃቸው በፊት ስላዩት ወፍ አወሩኝ፤ ጅራቱ ሲበር እንደ መቀስ ይከፈታል አሉ። እኔ ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት እሳቸው ስለ ወፉ ክንፍ። ደግ ሰው እንደሚያስጨንቅ ዛሬ ገባኝ።

ከዚያ ስለ ጋሼ አነሱ። ጎማቸውን ሲጠግን እጁ በብርድ እየተንቀጠቀጠ እንደነበር። «ልብሱን አውልቆ ለሙሽራዋ ሰጥቷት፣ ራሱ በስስ ሸሚዝ ቀርቶ። እንዲህ ያለ ልጅ አሁን የት ይገኛል? ወንድምሽ ጨዋ ነው።»

አዎ ጨዋ ነው አልኩ።

ሙሽራዋ ማለት ከባሏ ጋር ለጫጉላቸው የመጣችው ቀጭኗ ልጅ ናት። ዳገት ላይ ባሏ ጥሏት ይሄድ ነበር፤ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ትቀራለች።

ምን ዓይነት ልብስ ነው የሰጣት ብዬ አልጠየቅኩም። ብርቱካን ልጬላቸው ወጣሁ።

ጥቅምት 30

ሹራብ ሊሆን ይችላል።

ኅዳር 1

ሹራብ አልነበረውም። ሹራቡ እኔ ጋ ነበር። ያን ቅዳሜ ጠዋት ስንነሳ ሰጥቶኛል፤ መሪ ንፋስ ይመታዋል ብሎ።

ኅዳር 3

ዛሬ ግራውን ያዝኩ። ለምን እንደያዝኩ አላውቅም። አስፋልቱ ላይ ፍሬን አልነካሁም፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ጠጠሩ ከጎማዬ ሥር እንደ እህል ተንከባለለ፣ የኋላው ጎማ ወደ ገደሉ ጠረገኝ። እግሬን አውርጄ በጫማዬ ጎትቼ ቆምኩ። ከታች ማውጫው፣ የተቆረጠ ነጭ ድንጋይ፣ ውኃ ያቆረ። ዘበኛው ከጎጆው ወጥቶ ራሱን ነቀነቀና ተመልሶ ገባ። 

ጫማዬ ተቀዷል። ለእማዬ ሽቦ ነው የቀደደው አልኳት። አይ፣ ይህን እንኳ አላልኳትም፤ አልጠየቀችኝም።

ኅዳር 7

ጠየቅሁት።

ብስክሌቶቹ ከሚቀመጡበት መጋዘን ብቻውን አገኘሁት፤ ጎማ ገልብጦ ሽቦዎቹን ያጠብቃል። መዝጊያውን ከኋላዬ ገጠምኩት። ቀና ብሎ ሲያየኝ ያወቀ ይመስለኛል፤ መፍቻውን አስቀመጠ።

«ሰደርያህን ለማን ሰጠህ?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ስለ ሙሽራዋ ነገረኝ። ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር አለ፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ፍሬን መያዝ አቅቷት ነበር፤ እንዲያ ሆና ቁልቁለቱን ብትወርድ የምትወድቀው እሷ ነበረች። ሰጠኋት፣ ቀድማ ወረደች፣ የመምህሩ ጎማ ተነፈሰ። ሰደርያ ለሰው መስጠትና ቢጫውን መስጠት አንድ መሆኑ በዚያች ሰዓት ትዝ አላለኝም አለ። መገንጠያው ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ነው ትዝ ያለው።

«እና ለምን አልተናገርክም?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

«ጋሼ።»

«ልናገር ነበር። ስትጽፊ ሳይ፣ ስትደውዪ ሳይ፣ ነገ ነገ እያልኩ። ከዚያ ፈገግታው መሪ ሁን አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ጀርባ እያየሁ ነው የነዳሁት እኮ፣ እሙዬ። ፊት ስሆን መንገዱ ሌላ ነው። ሸለቆው ሲከፈት ማንም አይጋርድሽም።»

የመታኝ ይህ ነው። እውነቱን ስለሆነ። እኔም የምወደው ያንን ስለሆነ።

መፍቻውን አንስቼ ልወረውርበት ፈለግሁ። አነሳሁት፣ ሰጠሁት። በማኅበሩ ፊት ራሴ እናገራለሁ፣ ካንቺ አፍ እንዳይወጣ፣ ከራሴ ይውጣ አለኝ። ያችን ብቻ ስጪኝ። እሺ አልኩት።

ኅዳር 8

እሺ ማለት አልነበረብኝም። ልክ ነው ያልኩት። አልነበረብኝም። የራሱን ጥፋት ራሱ ይናገር ማለት ምን ነውር አለው?

ኅዳር 11

እማዬ የጋሼን ነጭ ሸሚዝ ታጥባለች። ለኅዳር 18። የእኔን ልብስ አልጠየቀችኝም።

እቃ እያጠብን ቀስ ብላ፣ «ሁለት ልጅ ከሚወድቅብኝ አንዱ ይቁምልኝ» አለች። ማንኛው እንደሆነ አልነገረችኝም። ሳህኑን ይዤ ቆምኩ። እናትን ምን ይሏታል? ሳህኑን አደረቅሁ።

ኅዳር 14

ፈገግታው እቤት መጣ። ሳሎን ተቀምጦ እግሩን አነባብሮ፣ ጥፋቱን በገዛ እጅሽ ብትቀበዪ ማኅበሩ ይለዝባል፣ ከርሞ እኔው ራሴ እመልስሻለሁ አለ። ወንድምሽም እንደ መሪ ቋሚ ይሆናል። ቤተሰብ ነን።

ይህን ሁሉ ሲል ጋሼ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ጠበቅኩ። አየሁት። ጣሪያውን አየ።

ለፈገግታው፣ መንገዱን ስሰጥህ ጥርስህን አሳይተኸኝ ነበር፤ አሁንም እሱን ብቻ ነው የማየው፣ ሌላ ነገር ካለህ አሳየኝ አልኩት። እማዬ «አንቺ ልጅ!» አለች። እሱ ሳቀ። ሲወጣ ግን ጫማውን አሳስቶ ነው ያሰረው፤ ደስ አለኝ፤ ትንሽ ነገር ነው፣ ደስ አለኝ።

ኅዳር 15

ጋሼ ዛሬም ቡድን ይዞ ወጣ።

ኅዳር 16

ሐኪሟን ደወልኩላት። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ምክንያቱን አልነገርኳትም። በስብሰባው ዕለት ስልክዎን ክፍት ያድርጉልኝ አልኳት። እሺ አለች። ወንድሜን ይጠብቁ ብትዪኝ ኖሮ ፊቱን እስክለይ እቆም ነበር አለችኝ ደግሞ። አውቃለሁ አልኳት። ያንንም አውቃለሁ። በሄድኩበት ሁሉ የሚከተለኝ ይኸው ቃሏ ነው።

ኅዳር 17

ነገ።

ጋሼ ይናገራል። ቃል ሰጥቷል። ሲገባ ሲወጣ ዓይኔን አያይም፤ እያጠና ይሆናል፣ ምን እንደሚል።

ኅዳር 18

ሁሉንም ልጻፈው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ክፍል ናት፤ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ የተራራው ካርታ፤ ከርቀት ሳየው ሁለት ስህተት አለበት። ሰብሳቢዋ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት፤ ከእሷ ግራና ቀኝ ሁለት ሰዎች። ፈገግታው ፊት ለፊት። መምህሩ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ልጃቸው እየገፋቸው መጡ፤ ሲያዩኝ እጃቸውን አነሱ። ጋሼ በነጩ ሸሚዝ ከጎኔ ተቀመጠ። ከጎኔ። ጉልበታችን ይነካካ ነበር።

ወረቀቱን አነበቡ። ምን ብለሽ ነበር አሉኝ፤ ያልኩትን አልኩ። መምህሩ መገንጠያው ላይ ማንም እንዳልነበረና አስፋልቱ ስላማራቸው ግራውን እንደያዙ ተናገሩ፤ ልጅቷን አልወቅስም ብለው ጨመሩ። ፈገግታው ማዘኑን ተናገረ። ማዘን ያምርበታል።

ከዚያ ሰብሳቢዋ ወደ ጋሼ ዞረች።

«እርስዎ በጽሑፍ ከሰጡት ቃል ላይ የሚጨምሩት አለ?»

ጋሼ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። አየኋቸው፤ ጥፍሩ ሥር ግራሶ አለ፣ እማዬ ብትፍቀው አይለቅም። ሰብሳቢዋ ጠበቀች። ውጭ አንድ መኪና አለፈ። ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ፤ ሰው ሊናገር ሲል እንደሚስበው፣ ወይም ሊነሳና ሊወጣ ሲል እንደሚስበው። ወንበሩ ሲጥ አለ።

«ቢጫው እሱ ላይ አልነበረም» አልኩ።

ድምፄ ነው፤ እኔ ነኝ። ሁሉም ዞሩ። ከዚያ በኋላ መቆም አልቻልኩም። ሙሽራዋን፣ ብርዱን፣ ሰደርያውን፣ ሐኪሟ ከሩቅ ያየችውን ቀለም፣ ሁሉን ተናገርኩ። ለክፋት እንዳላደረገው ተናገርኩ። እኔም «ቢጫውን» እንጂ «ወንድሜን» እንዳላልኳት ተናገርኩ፤ ቀለም ሰው ላይ እንደሚቀያየር ማሰብ የመሪ ሥራ ነው፣ ያን ያህሉ የእኔ ነው አልኩ። ሰብሳቢዋ ሐኪሟን በስልክ አገኘቻት፤ ሐኪሟ አንድ በአንድ መለሰች። መምህሩ፣ አዎ፣ አዎ፣ ቢጫ ነበር የሰጣት፣ ይህ ነገር ነው እንዴ ጉዳዩ? አሉና እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ጋሼን ጠየቁት። «እውነት ነው» አለ። ሌላ አላለም።

ባጄን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ገፍተው ሰጡኝ። የጋሼን ለሁለት ዓመት ያዙት፤ ጥፋቱ ሰደርያውን መስጠቱ ሳይሆን ዝም ማለቱ ነው አለች ሰብሳቢዋ። ከሁለት ዓመት በኋላም ማን እንደሚቀጥረው እንጃ። ፈገግታው በሩ ጋ ያዘኝና፣ ታዲያ ቅዳሜ ቡድን አለ፣ ትመሪያለሽ አይደል አለኝ። በአንድ ሰዓት ውስጥ። አስብበታለሁ አልኩት። ስዋሽ ይታወቅብኛል፤ ቅዳሜ እንደምወጣ ሁለታችንም እናውቃለን።

ወደ ቤት የመጣሁት ብቻዬን ነው። ጋሼ ሌላ መንገድ ሄደ። እማዬ በሩን ከፈተችልኝ፤ አንገቴ ላይ ባጁን አየች፤ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየች። ማንም አልነበረም። እራት አቀረበችልኝ። ለሦስት ሰው የሚበቃ።

ኅዳር 19

ጠዋት ጋሼ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ የትናንቱ ሸሚዝ ላዩ ላይ ነው፣ አንገቱ ቆሽሿል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።  ከዚያ ሳያየኝ፣

«ልናገር ነበር እኮ» አለ። «አፌን ስከፍት ቀደምሽኝ።»

ትንፋሹ ትዝ አለኝ። ወንበሩ። ሰብሳቢዋ ትጠብቅ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ትጠብቅ ነበር። ያልጠበቅሁት እኔ ነኝ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አልኩት።

ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። ጫማውን አሰረ፣ የሽንኩርት ጫኝ የሚፈልጉ አሉ ይባላል፣ ልየው ብሎ ወጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ ሳቅ አለ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ሊናገር እንደነበር አላውቅም። እሱም እንደማላውቅ ያውቅ ይሆናል። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ብስክሌቴን ልፈትሽ።